ማሽን ቆጥሮ ክንድን መርሳት

የኩላሊት እጥበት በአንድ ሆስፒታል ተጀመረ ሲባል ሪባኑ የሚቆረጠው ማሽኑ ፊት ነው። ዜናውም ስንት ማሽን እንደገባ ይነግረናል። ማሽኑ ደም የሚቀዳበትና የሚመልስበት የታማሚው ክንድ ግን ወሬ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ የዜና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የምጽፈው ያልተቆጠረ ሕክምና በጀት ስለማይመደብለት ነው።

ለእጥበት የሚሆነው አስተማማኝ መስመር ፊስቱላ ይባላል። የክንድ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ተገናኝተው፣ ሥሩ ለመርፌ እስኪጠነክር ሳምንታት ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ ታማሚው የሚታጠበው አንገቱ ሥር በገባ ካቴተር ነው፤ ካቴተሩ ደግሞ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። ፊስቱላውም ይጠባል፣ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደም ከረጋበትና ቶሎ ካልተከፈተ ደግሞ ከነአካቴው ይጠፋል። ሰሜን ወሎ፣ ሮቢት ያለ ታማሚ ፊስቱላው መሥራቱን የሚያውቅበት የክንዱ መርገብገብ አንድ ማለዳ ቢጠፋበት ወዴት ይሂድ? ወልድያ? ደሴ? ወይስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ? ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድም በትግራይ ጦርነት ጊዜ ተዘግቶ አይተናል። የተዘጋ ፊስቱላ የት እንደሚከፈት የማይገልጽ የሪፈር ወረቀት፣ ታማሚውን ከበር በር ያንከራትተዋል።

አሜሪካኖች የተዘጋን ፊስቱላ ለሚከፍትና ለሚጠግን ቀዶ ሕክምና የተለያዩ መለያ ኮዶች አሏቸው፦ የረጋውን ደም ማውጣት ብቻ 36831፣ መስመሩን መጠገን ብቻ 36832፣ ሁለቱንም በአንድነት 36833። እኛ ያለን ብሔራዊ የበሽታ ምደባ ሰውየው ምን እንደታመመ ይናገራል፤ ሐኪሙ ምን እንደሠራለት መናገር ግን ሥራው አይደለም።

«ኮድ የሀብታም አገር የሒሳብ መጠየቂያ ነው» የሚሉ አሉ። አልተሳሳቱም፤ እዚያ በዋናነት የሚያገለግለው ለክፍያ ነው። ነገር ግን ክፍያ እዚህም አለ። ለደመወዝተኞች የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ፣ ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በቀር እጥበትን ከሽፋኑ አውጥቷል። እንግዲህ ፊስቱላው የደማበት የሮቢት መምህር የሚታከመው «እጥበት» ተብሎ ነው ወይስ «ቀዶ ሕክምና»? የመጀመሪያው ከተባለ በደንቡ ከሽፋን ይወጣል፤ ሁለተኛው ከተባለ በደንቡ ሽፋን ውስጥ ይገባል። ለሥራው የራሱ ስም ካልተሰጠው ይህን የሚወስነው የሒሳብ ሠራተኛው ግምት ነው። የሚደማን ክንድ መስፋት የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ነው፤ በእጥበት ስም ከሽፋን ሊወጣ አይገባም።

የአሜሪካንን ወፍራም መጽሐፍ እናምጣ አላልኩም። በቀዶ ሕክምና መዝገብ ላይ አምስት መስመር ይበቃል፦ ፊስቱላ መሥራት፣ የረጋ ደም ማውጣት፣ መጠገን፣ መድማት ማስቆም፣ ካቴተር መቀየር። ከአምስቱ ጎን ቀኑና ሆስፒታሉ ይጻፍ። ያኔ የክልሉ ጤና ቢሮ ቀዶ ሐኪሙን ወልድያ ይመድብ ወይስ ደሴ ብሎ ሲያስብ፣ የሚያየው የማሽን ብዛት ሳይሆን የጠፉና የዳኑ ፊስቱላዎችን ይሆናል። ይህን ለመጀመር የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።