ምሳሽን አይስክሬም በላው!

የዛሬውን ጨዋታ የምንጀምረው ከአንዲት አንባቢያችን በደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስሟን ደብቄ፣ ረዘም ያለውን አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ፦

«የ22 ዓመት ልጅ ነኝ። ልብስ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ውፍረት በጣም እፈራለሁ። ከአምስት ወር ወዲህ ምሳ የሚባል ነገር ትቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ካፌ አንድ ኩባያ አይስክሬም እገዛለሁ፤ እሱን በልቼ እስከ ማታ እቆያለሁ። ወተት ስለሆነ ይይዘኛል፣ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ አያወፍረኝም ብዬ ነው። ጓደኞቼ ‹ምሳ እንብላ› ሲሉኝ ‹በልቻለሁ› እላቸዋለሁ። ሰሞኑን ግን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ራሴን ያዞረኛል። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመብኝና አንዲት ደንበኛ ደግፋ አዳነችኝ። አይስክሬሙ ይሆን? ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ኩባያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግን አያቅተኝም፤ አንቺንም አያቅትሽም። ነይ አብረን እናንብበው።

መጀመሪያ መጠኑን። ኩባያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሚሊ ሊትር ነው። እሱ የሚነግረን የያዘውን ቦታ እንጂ ክብደቱን አይደለም። አይስክሬም ሲሠራ እየተመታ አየር ይገባበታል፤ አንዳንዱ ግማሽ ያህሉ አየር ነው! ለዚህ ነው ሲቀልጥ ጎድሎ የምታገኚው። 120 ሚሊ ሊትር የሚል ተራ የቫኒላ አይስክሬም ሚዛን ላይ ቢወጣ 65 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው።

በዚያ 65 ግራም ውስጥ ምን አለ? ወደ 135 ካሎሪ፣ 14 ግራም ገደማ ስኳር (ሦስት የሻይ ማንኪያ ተኩል መሆኑ ነው)፣ 7 ግራም ስብ፣ ከ2 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ፕሮቲን፣ 85 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም። ከስቡ ከግማሽ በላዩ ሐኪሞች «በልኩ ይሁን» የሚሉት የሚረጋው ዓይነት ነው። አይረን ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

«ወተት ስለሆነ ይይዘኛል» ላልሽው፦ ወተትማ አለበት። ግን አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ያንን ከአይስክሬም ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ መብላት ሊኖርብሽ ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ ከሁለት ኩባያ አይስክሬም ይበልጣል። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በቀን 40 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። በአይስክሬም ልሙላው ካልሽ 17 ኩባያ ያህል ተሰልፎ ይጠብቅሻል!

«ትንሽ ስለሆነ አያወፍረኝም» ላልሽውም፦ ዓይን ያታልላል። አየሩ ያነሰ፣ ክሬሙ የበዛው ዓይነት በዚያው መጠን ባለ ኩባያ ውስጥ ሆኖ ከ250 ካሎሪ ሊያልፍ ይችላል። ቸኮሌት የተለበጠው ባለ እንጨቱና ኦቾሎኒ የተነሰነሰበት ኮንም ለዚያ ቅርብ ናቸው። ስኳሩንም አስቢው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይላል። ጠዋት ሻይሽ ላይ ሦስት ማንኪያ ካደረግሽ 12 ግራም ነው። ከአይስክሬሙ 14 ግራም ጥቂቱ የወተቱ የራሱ ስኳር ቢሆንም አብዛኛው የተጨመረ ነው። ሻይና አይስክሬም ብቻቸውን 25 ሊሞሉ ምን ቀራቸው?

ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ማታ ቤት ስትገቢ ስንት እንጀራ ነው የምታነሺው? ቀን የተራበ ሆድ ማታ ዕዳውን ያስከፍላል። ቀን የሸሸሽው ምግብ ማታ እጥፍ ሆኖ ከመጣ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ። አይስክሬም መርዝ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የበላሽው ሳይሆን በሱ ፋንታ ያልበላሽው ነው። አንድ ሰው በቀን ወደ 2000 ካሎሪ ያስፈልገዋል ብንል የምሳ ድርሻው ከ600 በላይ ነው። አንቺ 135 ሰጥተሽው እስከ ማታ ቆመሽ ልብስ ታጥፊያለሽ። ቢያዞርሽ ይገርማል?

ይሁን እንጂ የሚያዞርሽ ረሃብ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የደም ግፊት መውረድም ሊሆን ይችላል። በተለይ በየወሩ ደም ለሚፈሳት ሴት አይረን ወሳኝ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ይላሉ፣ ለወንድ 8። እኔ በጋዜጣ ደምሽን ማየት አልችልም። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂና ተመርመሪ። አምስት ወር ሙሉ ምሳ አለመብላትሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ከዚያስ? ምሳ ዕቃ ያዢ። ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ከጎመን ጋር ማንንም ባንድ ቀን አላወፈረም። ገንዘቡም ቢሆን ከካፌው የከፋ አይሆንም። አይስክሬሙን ቅዳሜ፣ ምሳ ከበላሽ በኋላ፣ ከጓደኞችሽ ጋር እየተሳሳቅሽ ብዪው። ያኔ ይጣፍጣል።

ወንዶችም አትሳቁ! ልጅቷን አንድ ኮን አስይዘህ «ምሳ ጋበዝኳት» እያልክ የምታወራው ወንድሜ፣ ሒሳቡን ከላይ አይተኸዋል።

አንድ ነገር ይቅርብኝ ብል ግን ህሊናዬ አይፈቅድም። እህቴ፣ ከአይስክሬሙ ይልቅ ልቤን የነካው «በልቻለሁ» የምትዪው ነገር ነው። ሰው ረሃቡን ከጓደኛው መደበቅ ሲጀምር ነገሩ ከወገብ ቅጥነት አልፏል ማለት ነው። የመወፈር ፍርሃቱ ሌት ተቀን የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፤ ለሐኪሙም አትደብቂው። ይህ ነውር አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሕመም እርዳታ ያለው ነገር ነው።

እስቲ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ «ምሳ እንብላ» ሲሉሽ «እሺ» በያቸው። እንዴት እንደሆንሽ ደግሞ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ለሳምንት ቸር ያገናኘን!