ስቲከር ከመለጠፉ በፊት የመኪናው ገጽ ይሰናዳ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚነግድ ሰው ተሽከርካሪው የንግዱ እግር ብቻ ሳይሆን የንግዱም ፊት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚመላለሰው አይሱዙና ሚኒባስ፣ በየከተማውም ውስጥ የሚዞረው ባጃጅ የባለቤቱን ስም ይዞ በሕዝብ ፊት ያልፋል። ስለዚህ ባለንብረቱ ቀለም ማስቀባቱን ትቶ፣ ቪኒል ከሚባለው ስስ ፕላስቲክ የተሠራውን ስቲከር ገዝቶ በገዛ እጁ ቢለጥፍ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚነቀፈው የሚለጠፈውን እያማረጠ የሚለጠፍበትን ሲዘነጋ ነው።

የዚህ ስቲከር ውፍረት ሙጫው ጭምር ተቆጥሮ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የሳሳ ነገር ከሥሩ ያለውን ጠጠር፣ የተላጠ ቀለምና የዝገት እብጠት አጉልቶ ያሳያል እንጂ አይሸፍንም። ሙጫውም የሚይዘው የነካውን ነው፤ አቧራ ከነካ አቧራውን ይይዛል፣ ቆርቆሮውን ግን ይለቃል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ይብሳል። ነፋስ መውጫ፣ ስሟ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ነፋስ የሚበረታባት ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗም ጧትና ማታ ብርዷ ጽኑ ነው። በበጋ የጥርጊያው መንገድ አቧራ በየስንጥቁ ይገባል። ሙጫው ደግሞ በሚገባ የሚይዘው ቆርቆሮው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሲሞቅ ነው። በመሆኑም ሥራው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ በማይገባበት ቤትና ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ቢከናወን ይመረጣል።

የዝግጅቱ ሥርዐት አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ መኪናው ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ የበሩ ጠርዝ፣ የጎማው ዙሪያና የፓራውልቱ ሥር አይረሱም፤ ስቲከር መላጥ የሚጀምረው ከጠርዝ ነውና። የተጣበቀ ሬንጅና የአሮጌ ስቲከር ሙጫ ተለቅሞ ይነሣል፤ መስተዋት፣ እጀታና ምልክት የሚፈታ ከሆነ ይፈታል። ገጹ በሚገባ ከደረቀ በኋላ አልኮል በነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይታሻል፣ አልኮሉም ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። አንዳንድ ሾፌሮች መኪናውን ለማብረቅ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት ይወዳሉ። ለዚህ ሥራ ግን ከዚህ የከፋ ጠላት የለም፤ የሚያብረቀርቀው ቅባት ሙጫውን ያከሽፈዋልና። ሰም ያለበት ፖሊሽም እንደዚሁ ነው።

ቀለሙ ራሱ መፈተን አለበት። ጠንካራ የማሸጊያ ፕላስተር ለጥፎ በኀይል በመንጠቅ ማወቅ ይቻላል፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሣ ነገ ከስቲከሩ ጋር ይነሣል። የዛገው ተፍቆ፣ ስቱኮ የሚሻው ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ቀለም ይቀባል። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ደግሞ ቀለሙ እስኪጠና ሳምንታት መታገሥ ይኖርበታል፤ አለዚያ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት ስቲከሩን ያሳብጠዋል።

የጀርመን ባለታክሲዎች ያደረጉት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያች አገር ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታክሲ ሁሉ የዝሆን ጥርስ መልክ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለንብረቶቹ መኪናውን በዚሁ መልክ ከማስቀባት ይልቅ በስቲከር ማልበስ ጀመሩ፤ ታክሲነቱ ሲያበቃ ስቲከሩን ልጠው የመጀመሪያውን ቀለም እንደ ጤናው ለገዢ ለማሳየት ብለው ነው። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ከሥር ያለው ገጽ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ብቻ ነው።

አንዳንድ ነጋዴ፣ «መኪናዬ አንድ ቀን ከቆመች የአንድ ቀን ገበያ አመለጠኝ» ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በክረምቱ ዝናብ የተላጠ ስቲከር ሁለተኛ ጥቅል ያስገዛል፣ ሁለተኛም ቀን ያስቆማል። እጥበቱንና ፈታታውን ገበያ በሌለበት ቀን ማድረግ፣ ለልጠፋውም ጎረቤታሞች በኅብረት አንድ ዝግና ንጹሕ ቤት ማዘጋጀት ወጪውን ያቀልላል። መልኩ በሙሉ የሚለወጥ ከሆነም ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማመልከት ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእምነት ነገር ነው። ዝገትን በስቲከር ሸፍኖ መኪና መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም፣ ከሥሩ የታፈነው እርጥበት ቆርቆሮውን መብላቱን አይተውም፤ ገዢውም በልጦት የሻጩን ስም አብሮ ይልጠዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደተባለ፣ አስቀድሞ ያልታየ ዝገት ኋላ ለባለቤቱም ለገዢውም ዕዳ ነው። ስሙን በመኪናው ላይ የሚጽፍ ነጋዴ ስሙ የሚያርፍበትን ገጽ አስቀድሞ ያጽዳ።