ጉድጓዱን ሳሉት፣ ሕፃኑን ፎቶ አነሱት

የአዲስ አበባን ዋና ዋና መንገዶች ዳር ዳሩን እያያችሁ ሂዱ። ገና መሠረቱ ያልወጣ አፓርትመንት ቢልቦርድ ላይ ተጠናቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ የመዋኛ ገንዳው ሞልቶ፣ ዛፉ አድጎ ታገኙታላችሁ። ሥዕል ነው። ከዚያ ስልካችሁን ክፈቱ። አፍንጫው ላይ ቱቦ የተሰካ፣ ገላው የተራቆተ ሕፃን፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበት ከቻናል ቻናል ይዞራል። ፎቶ ነው።

የምለው አጭር ነው፤ ምርጫው ተገልብጧል። በፎቶ መታየት የነበረበት ቤቱ ነው፤ በሥዕል መታየት የነበረበት ሕፃኑ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የዲዛይነሮች የሙያ ወሬ አድርጎ ያልፈዋል። የትኛው ያምራል? የትኛው ይረክሳል? የትኛው ቶሎ ይደርሳል? እነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ምስል አደባባይ ሲወጣ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል የሚለው ነው።

ፎቶ ምስክር ነው፤ «በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ፣ ይህ ነበረ» ይላል። ሥዕል ግን የሠዓሊው ሐሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጥንቱ ልማድ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይስሉታል። «የዚህ ሰው ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ምዕመን የለም፤ ሥዕሉ ፍርድ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ጣጣው የሚመጣው ሥዕል የማስረጃ ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው።

የሪል እስቴቱ ሥዕል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥላው፣ የመስታወቱ ነጸብራቅ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ቡና ሳይቀር ፎቶ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ከጎን ያለው ሕንፃ ጠፍቷል፤ ኮረኮንቹ መንገድ አስፋልት ሆኗል። ቅድሚያ ክፍያ የሚከፈለው ይህ ታይቶ ነው። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመች እህት፣ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ የቆጠበ ወንድም ቦታውን በእግራቸው ረግጠው አያዩትም። ያላቸው ዓይን ያ ሥዕል ብቻ ነው። ከፍለው ዓመታት የጠበቁ፣ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱ ሰዎች ታሪክ ለዚህ ቻናል አንባቢ አዲስ አይደለም።

«ያልተሠራ ቤት እንዴት ፎቶ ይነሳል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያልተሠራ ቤት ፎቶ የለውም። ቤቱ ይሠራበታል የተባለው ቦታ ግን አለው። ጉድጓዱ፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የተደረደረው ብረት በማንም ስልክ ይነሳል። የዋጋ ጉዳይ ነው እንዳይባል፣ በኮምፒውተር የሚሠራው ሥዕል ከስልክ ፎቶ እጅግ ይወደዳል። ርካሹን ትቶ ውዱን የሚመርጥ ነጋዴ ካያችሁ፣ ርካሹ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንምጣ። እዚህ ላይ የሚቀርበው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ አልሸሸውም። «ሰው ካላየ አይሰጥም» ይባላል። ታሪካችንም ለዚህ ምስክር ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ባያሳይ ኖሮ፣ መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገው እልቂት ዓለም ሳያውቀው በቀጠለ ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያወጡት ፊልም የዓለምን እጅ አስዘርግቷል።

ልብ በሉ ግን፤ ያን ጊዜ የሚክድ ባለሥልጣን ነበር። ካሜራው የቆመው በካጁ ፊት ነው። ዛሬ ያ ሕፃን መታመሙን ማን ካደ? ማንም። አጭበርባሪ እንዳይሆን የሚፈራ ለጋሽ ካለ፣ ጥርጣሬውን የሚያነሳለት የሆስፒታሉ ማኅተም ያረፈበት የሐኪም ማስረጃ ነው። የሕፃን ዕንባ ምንም አያረጋግጥም።

ያ የዲምብልቢ ፊልም ሌላም ትምህርት ትቶልናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየው። የተራቡት ሰዎች ስለ ሥልጣን ሽግግር የጠየቃቸው አልነበረም። ፊታቸው የሌላ ሰው ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሆነ። ፎቶም ቢሆን ጌታው ማን እንደሆነ ካልታወቀ እንዲህ ያገለግላል።

ሕጋችንም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕፃኑ ፈቃድ መስጠት አይችልም። እናቱ ትችላለች፤ ግን ልጇ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ገንዘብ ሰብሳቢው ስልኩን ደግኖ ሲጠብቃት የምትለው «እሺ» ምን ያህል ፈቃድ ነው? ልጁ ድኖ፣ አድጎ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ እዚያው ኢንተርኔት ላይ ይጠብቀዋል። የክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። ነፍሱን ለማትረፍ ብለን ዕድሜ ልኩን አሳጣነው ማለት ነው።

ሥዕል ግን እዚህ ከፎቶ የተሻለ ይሠራል። የልብ ቀዳዳ ያለበትን ሕፃን ፊት መቶ ጊዜ ብታነሱት ቀዳዳው አይታይም። አንድ ጥሩ ሥዕል ልቡን ከፍቶ ቀዳዳው የት እንዳለ፣ ደሙ በየት እንደሚሄድ፣ ሐኪሙ ምን እንደሚደፍን ያሳያል። የሕክምና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ሥዕልን ያልተዉት ለዚህ ነው። ሰጪው አዝኖ ብቻ አይቀርም፤ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ገብቶት ይሰጣል። ፊት ካስፈለገ ደግሞ ፈቅዶ የሚቆም አባት ወይም አጎት አለ።

አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበረክ የሚያለቅስ ሕፃን መጥቷል። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ሥዕል ሆኖ ሳለ ምስክር ነኝ ይላል። የተጋለጠ ቀን ዋጋውን የሚከፍለው ፈብራኪው ሳይሆን፣ በእውነት ታሞ ማንም የማያምነው ልጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ቤት ሻጭ ሥዕሉን ይስቀል፤ ግን «ሥዕል ነው» ብሎ በትልቁ ይጻፍበት፤ ከጎኑም የቦታውን የዚህ ወር ፎቶ ከነቀኑ ይለጥፍ። ይህን እምቢ ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። ገንዘብ ሰብሳቢ የሐኪሙን ወረቀት ያሳይ፤ የሕፃኑን ገላ ይሸፍን። ዲዛይነሮችም «ደንበኛው አዞኝ ነው» አትበሉ፤ የሠራው እጅ የእናንተ ነው። እኛ አንባቢዎችም «ሼር» ከማድረጋችን በፊት ይህ ልጅ የእኔ ቢሆንስ እንበል።

የሚካድ ነገር ካለ ፎቶ አንሱ። ሊሸፈን የሚገባው ሰው ካለ ሳሉ።