የዊንጌት እናቶች ልጆቻቸውን ማሰር አይፈልጉም፤ የሚያሳያቸው አጡ እንጂ!

ዊንጌት ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው ትምህርት ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዞች እርዳታ የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ሹማምንትንም፣ ሹማምንትን የተቃወሙትንም ያፈራ፣ በኋላ ሀገሪቱን የመሩት አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው የተማሩበት ቤት ነው። ዛሬ የሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ወረድ ሲሉ ፓስተር ነው። እንግዲህ ትምህርቱም ሕክምናውም ደጃፏ ላይ በሆነ ሰፈር፣ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጇን እንዴት እንደምታጎርሰው እንኳ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያላሳያት እናት አለች ቢባል ማን ያምናል? አለች! አንዲትም አይደለችም።

እስቲ ይህችን እናት እናስባት። የምትኖረው በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ጠዋት ልብስ አጥባ ወይም ጉልት ተቀምጣ፣ ያለዚያም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የዕለት ጉርሷን ታመጣለች። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፣ ይሮጣል፣ መኪና አይፈራም። ለጎረቤት ትታው ትሂድ? ጎረቤት አንድ ቀን እሺ ይላል፣ ሁለት ቀን ያጉረመርማል፣ በሦስተኛው ቀን በሩን ይዘጋል። ይዛው ትሂድ? የሚቀጥራት የለም። ታዲያ ምን ታድርግ? በሩን ቆልፋበት ትወጣለች። አለዚያም የልጁን እግር ከአልጋው ቋሚ ጋር በነጠላ ቅዳጅ ታስረዋለች። ይህን የሰማ ሁሉ «አይ ጭካኔ!» ይላል። ጭካኔውስ ባልከፋ፤ ያሰረችው እኮ መኪና እንዳይገጭባት ነው። እሷ በሌለችበት ደግሞ ያንን የተቆለፈ በር ማን እንደሚከፍተው፣ መናገር በማይችል ልጅ ላይ ምን ሊያደርስበት እንደሚችል ስታስብ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ላይ ልቧ አይቆምም።

ሐኪም ቤት ልውሰደው ስትል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጁን አቅፋ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል ወያላው የሁለት ሰው ክፈይ ይላታል። ልጁ ሲጮህ ተሳፋሪው ዞሮ ያያታል። «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚል ዓይን ነው። እርግማን ነው የሚል አለ፣ መንፈስ ነው የሚል አለ፣ እርጉዝ ሳለች አንድ ነገር አይታ ነው የሚልም አይጠፋ። ባልየው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የለም። ወደ ጠበል መሄዷን አንነቅፍም፤ እምነቷ ነው፣ ያጽናናታልም። የምንለው ከጠበል ስትመለስም ልጁን የምትመግበውና የምታጥበው እሷው ናት፤ ለዚህ ደግሞ እውቀት ያስፈልጋታል ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉ ልጆች ስንት ናቸው? መንግሥት የቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ በመላ ሀገሪቱ የተገኘው የአካል ጉዳተኛ 864,218 ሰው ነው ተባለ። ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት ከመቶ 17 በላይ ነው። የአቆጣጠሩ ስልት እንደሚለያይ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከአንድ እስከ አሥራ ሰባት ያለውን ርቀት ስልት ብቻ አይሞላውም፤ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ያልተቆጠረውም ልጅ እዚያ ውስጥ አለበት። ከዚያ በኋላ መካሄድ የነበረበት ቆጠራ ደግሞ በ2010ም በ2011ም «ተራዘመ» ተብሎ ቀረ። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት አይያዝለትም። ቆጣሪው ቢመጣም እናቲቱ ልጁን ደብቃ «ሦስት ናቸው ልጆቼ» ትለዋለች።

መደበቁ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ወደ ጳውሎስና ወደ የካቲት 12 ሆስፒታሎች የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒክ ይዘው የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ምስጢር አድርገው ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው! ያልመጡትማ ምን ይሉ ነበር? ምን ጎደላችሁ ሲባሉም ከአራቱ ሦስቱ ያሉት የልጃቸውን ትምህርት ነው። የገንዘብ ድጋፍ ጎደለን ያሉት ከመቶ 30 ብቻ ናቸው። እጃቸውን ለምጽዋት ዘርግተው የመጡ የሚመስለው ባለሥልጣን ካለ ይህን ቢያነብ አይከፋም።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንምጣ። «ሥልጠና» ሲባል አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃና የውሎ አበል የሚታየው ብዙ ሹም አለን። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን አንገቱን አያጸናም፣ መዋጥም ያስቸግረዋል። እናቱ ጭኗ ላይ በጀርባው አጋድማ አጥሚቱን ወደ ጉሮሮው ታንቆረቁርለታለች፤ እንደዚያ ነው ያየችው፣ እንደዚያ ነው እናቷም የመገበቻት። ለዚህ ልጅ ግን አደጋ ነው። ምግቡ በአየር ቧንቧው በኩል ወደ ሳንባ ይገባል፣ ልጁ ያስላል፣ ይሰነብትና ሳንባ ምች ይይዘዋል። ይድናል፣ እንደገና ይይዘዋል። አንድ ቀን አይነሳም። ሰፈሩም «እግዜር ገላገላት» ብሎ ለቅሶ ይደርሳል።

ማስተካከያው ምን ይፈልጋል? ውድ መሣሪያ አይደለም። ልጁን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፤ ራሱ ወደኋላ እንዳይወድቅ ደግፎ አገጩን ወደ ደረቱ ጠጋ ማድረግ፤ ፊት ለፊት ሆኖ በትንሽ በትንሹ ማጉረስና ውጦ እስኪጨርስ መጠበቅ። በቃ! ይህን የምታውቅ አንዲት ባለሙያ ከእናቲቱ ጋር አንድ ሰዓት ብትቀመጥ፣ በሳምንቱ ተመልሳ ብታያት፣ የአንድ ልጅ ሕይወት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትም ልጅ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ እንዳለበት፣ ሲጥለው አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት እንደማይገባ፣ በጎኑ ማስተኛት እንደሚሻል የሚነግራት ያስፈልጋታል። ኦቲዝም ያለበትም እንዲሁ። ልጁ ራሱን ከግድግዳ ሲያላትም መጮህና መምታት ነገሩን ያብሰዋል። ከመላተሙ በፊት ምን ሆነ? ራበው? ጩኸት በዛበት? ነገር ተነጠቀ? መናገር ያልቻለ ልጅ በምን ይናገር! ይህን ማየት የተማረች እናት ቡና ስታፈላ ሲኒ እንዲያቀብላት ታደርገዋለች፤ አንዷን ሲያቀብል ታመሰግነዋለች፤ ነገ ሁለት ያቀብላል።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሕልም ነው የሚል ካለ አልሰማም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን መገናኘትና ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ መሄድ ነው። አሠልጣኙ የግድ ስፔሻሊስት ሐኪም መሆን የለበትም። የእኛ ባለሙያዎች ለሀገሩ እንዲስማማ አድርገው ቀለል አደረጉት፤ ስለ መገለል፣ ስለ ልጁ ደህንነትና ስለ አሳዳጊዋ የራሷ ጤንነት ይበልጥ እንዲያወራ አደረጉ። በኋላም ከኬንያ ጋር በአንድነት ሰፋ ያለ ጥናት ተጀመረበት። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ የአካል ጉዳተኛ ልጅ ያሳደገች እናት ራሷ ከጤና ባለሙያ ጋር ተጣምራ ሌሎችን እናቶች እንድታሠለጥን ተደርጓል። አሠልጣኟ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ስትላት የሚሰማው የሐኪም ንግግር አይደለም፣ የእህት ነው።

ታዲያ ምነው ከጥናት ወደ ሥራ አልተሻገረም? ዊንጌት ያለች እናት ቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሥልጠናው መቼ ነው?» ብላ ብትጠይቅ የሚያገኘው መልስ ምን ይሆን? ልጇን ማስከተብ ትችላለች፣ ማስመዘን ትችላለች። ከዚህ በላይ ስትጠይቅ የሪፈር ወረቀት ይሰጣታል። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚያልቅ አገልግሎት አገልግሎት አይባልም።

እስካሁን ሸክሙን የያዙት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በየመድረኩ እየቆሙ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ለሀገሩ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው ብንል አላጋነንም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። እነዚህ ቤቶች ግን ስንቱን ይይዛሉ? ተራ ጠባቂው ሲበዛ ቀድሞ ተስፋ የሚቆርጠው የታክሲ የሌለው ነው። የአንዲት እናት ትከሻ የከተማ አስተዳደር ቢሮ አይደለም።

መንግሥት ማገዙ ይቅርና ያደናቀፈበትም ዘመን ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621 ከውጭ ከመቶ 10 በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ ሕፃናት መብት እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ስለ ዊልቸር ማደል ይቻላል፣ ስለ መብት መናገር ግን አይቻልም! ይህ ሕግ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አሥር ዓመት ኖረ። የሚገርመው ያው መንግሥት በመካከሉ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ ለማድረግ ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለሹማምንት ምንኛ ምቹ ነው! አቅም ለኮሪደር ልማት ሲፈቅድ፣ መንገዱ በመብራት ሲያሸበርቅ አይተናል። ለዘጠኝ ቀን ሥልጠና ሲሆን አቅም ይታመማል።

ደግሞ አቅሙ ያለ ነው። የከተማው አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙ ቤት ለቤት እየዞሩ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች የሚመክሩ ሠራተኞችን በብዛት አሰማርቷል። ጥሩ አድርጓል፤ ተቃዋሚ ነን ብለን ጥሩውን አንክድም። እነዚህ ሴቶች የየቤቱን በር ያንኳኳሉ። የተደበቀውን ልጅ ለማግኘት ከእነሱ የተሻለ ማን አለ? የሚጎድላቸው የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ሲያገኙ ምን እንደሚሉ፣ ምን እንደሚያሳዩ መማር ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ አንጠይቅም።

ወንበሩስ? ደግፎ የሚያስቀምጥ ወንበር ከውጭ ካልመጣ አይሆንም የሚል ሰበብ አለ። ዚምባብዌ ውስጥ ከአሮጌ ካርቶንና ከዱቄት ሙጫ ሲሠሩት ኖረዋል። እዚህ ደግሞ ሰፈሩ መሐል የሙያ ኮሌጅ ተቀምጧል። ተማሪው ለልምምድ ሠርቶ የሚያፈርሰውን ሳጥን ትቶ ለአንድ ልጅ ልክ የተለካ መቀመጫ ቢሠራ ምን ይጎዳል?

ተቀጥራ የምትሠራ እናትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለብርቱና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚሰጠው አምስት ቀን ነው፣ በዓመት ሁለቴ፣ ያውም ያለ ደመወዝ። የልጇ ጉዳይ ግን ድንገተኛ አይደለም፤ የዘወትር ነው። ጉልት የምትሸጠዋማ አዋጁም አያውቃትም። ስለዚህ ሥልጠናው በሥራ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጠርቶ «እናቶች አልመጡም» ቢባል እኛ አንቀበልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ይኑር፣ የታክሲ ይከፈል። እድሮችም ድንኳናቸውና አዳራሻቸው ለለቅሶ ብቻ አልተሰጣቸው፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ለእናቱ አንድ ክፍል ይክፈቱላት።

የጉለሌ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ለሚቀጥለው ሐምሌ በጀት ሲያዘጋጅ እንዲመልስልን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ለዊንጌት እናቶች የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የትኛዋ ክፍል፣ በስንተኛው ቀን? መልሱን ከላኩልን በዚሁ ገጽ እናወጣለን። ካልላኩም ጥያቄውን መልሰን እናወጣዋለን።