ይሉኝታ የሌለበት ጠረጴዛ

በየዓመቱ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ባልቲሞር ውስጥ ባልቲኮን የሚባል የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ኮንቬንሽን ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው። የሚያዘጋጁት ደመወዝ የማይከፈላቸው አንባቢዎች ናቸው። ሆቴል ይከራያሉ፤ በአንዱ ክፍል ደራሲያን ይከራከራሉ፣ በሌላው ሙዚቃ አለ፣ ኮሪደሩ የጠፈር ልብስና የንጉሥ ካባ በለበሰ ሰው ይሞላል። አንደኛው አዳራሽ የሻጮች ነው። አነስተኛ አሳታሚ ያወጣልኝን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዤ በእንዲህ ዓይነት አዳራሾች መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ መጽሐፍ ሽያጭ ያለኝ አስተሳሰብ ተለውጧል። የእኛ ደራሲያንም ቢያስቡበት እወዳለሁ።

እኛ መጽሐፍ የምንሸጠው በምረቃ ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ወመዘክር አዳራሽ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ አንዱ ምግብ ቤት ውስጥ። ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ይመጣል። ንግግር ይደረጋል፣ ይጨበጨባል፣ ሃያ ዶላር ለተተመነው መጽሐፍ ሃምሳ የሚከፍል አይጠፋም። ይህን ደግነት አከብራለሁ፤ ስንት የአማርኛ መጽሐፍ የማተሚያ ቤት ዕዳውን የከፈለው በዚሁ ነው። ግን ለደራሲው ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረውም። በይሉኝታ የተገዛ መጽሐፍ ይነበብ አይነበብ ማን ያውቃል? ገዢውን መጠየቅም ነውር ነው።

ኮንቬንሽን ላይ የሚመጣው ሰው ስሜን አስተካክሎ መጥራት አይችልም፤ ማን እንደወለደኝ አያውቅም፤ ዝም ብሎኝ ቢያልፍ የሚቀየመው የለም። ቆም ይላል፣ ሽፋኑን ያያል፣ ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። ከዚያ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ አይደለም፤ ከመሃል ነው። አንዲት ወጣት ከካርቶን የሠራችውን ክንፍ አዝላ መጣች። ክንፏ የጎረቤቴን መጻሕፍት እንዳይጥል ገደድ ብላ ቆማ፣ አንድ መነኩሴ ጣና ዳር የወደቀ ሳተላይት የሚያገኝበትን ምዕራፍ ከፈተች። ጣቷ በመስመሩ ላይ ሲሄድ አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቀጠለ። «መነኩሴው ለሰው ይናገራል?» አለችኝ። እሱን አልነግርሽም አልኳት። አመስግና ሄደች። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛ መነሳት ሲጀምር ባለአንድ ዶላር ኖቶች ቆጥራ ተመለሰች። ያቺ ልጅ ለእኔ ብላ አልገዛችም፤ የመነኩሴውን ነገር ማወቅ ፈልጋ ነው። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ገንዘቡን ለሚያሰላ አያዋጣም። የጠረጴዛ ኪራይ አለ፣ የሆቴልና የፓርኪንግ አለ። የገዛ መጽሐፌን ከአሳታሚው በቅናሽ ገዝቼ ነው የምሸጠው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይም ሜሪላንድ 6 በመቶ ታክሷን ትፈልጋለች። ከአንዱ መጽሐፍ የሚተርፈኝ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም። እንጀራ ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ አይደለም።

ጎረቤቶቹ ግን ልዩ ናቸው። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ጠረጴዛዬን የሚጠብቅልኝ የጎን ሻጭ ነው፤ እሱም ደራሲ ነው። ገዢ የዘንዶ ታሪክ ሲፈልግ ወደ እሱ እመራዋለሁ፤ ከአፍሪካ የመጣ ነገር የሚጠይቀውን እሱ ወደ እኔ ይልካል። ሁለት መጽሐፍ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የእሱ ገበያ የእኔን አይሻማም። እኛ ዘንድ የደራሲ ፉክክር ምን ያህል ወዳጅነት እንዳበላሸ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ያስቀናል።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ በዲሴምበር 1975 ሠላሳ ሁለት የሚሆኑ ቡድኖች ራሳቸው የሳሉትንና ያሳተሙትን ይዘው ኮሚኬት የተባለውን ገበያ ጀመሩ። ያኔ የመጣው ሰው 700 ያህል ነበር፤ በ2019 የአንድ ዙር ጎብኚ ከ700 ሺህ በላይ ደርሷል። ዛሬም ደራሲው ራሱ ቆሞ ይሸጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ የአነስተኛ አሳታሚዎች የኮሚክ ትርኢት አለ። በፎቶ ኮፒ ተባዝተው በስቴፕለር የተያያዙ ቡክሌቶች ሳይቀሩ ይሸጡበታል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ከ2011 ጀምሮ ከዚያ እየሰበሰበ ያኖራል።

አገር ቤት ግን ከማያውቀው አንባቢ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው አዟሪው ነው። መጻሕፍቱን እስከ አገጩ ደርድሮ ታቅፎ ካፌ ለካፌ ሲዞር፣ የትኛው ሽፋን ሰው እንደሚያስቆም፣ የቱ ተነሥቶ የቱ እንደሚጣል ከአሳታሚም ከሐያሲም በላይ ያውቃል። ያ እውቀት ወደ ደራሲው አለመድረሱ ያንገበግበኛል። ለአከፋፋይ አስረክቦ ቤቱ የሚቀመጥ ደራሲ የሚሰማው የተሸጠውን ብዛት ነው፤ እሱንም ከስንት ጊዜ በኋላ።

አንድ ጊዜ ኮንቬንሽን ላይ፣ ሽፋኑ ላይ ስሜን ያነበበ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ «ጋሼ፣ አበሻ ነዎት?» አለኝ። አዎ ስለው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና «በአማርኛ የለዎትም? ለአባቴ ፈልጌ ነበር» አለ። አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መዘጋጀቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ዕለት ነው፦ አባትና ልጅ አንድ ታሪክ ያነብባሉ። የእኔንም ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው።

እኛም እኮ የራሳችን ትልቅ ጉባኤ አለን። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከየስቴቱ ሰው ይሰበስባል። ከሜዳው ዙሪያ ጥብስ አለ፣ ቡና አለ፣ የሐበሻ ልብስ አለ፣ ባንዲራ ያለበት ቲሸርት አለ። በሄድኩባቸው ጊዜያት መጽሐፍ ያየሁት ግን ፈልጌ ነው። የድንኳን ኪራይ ለአንድ ደራሲ ይከብዳል፤ አራት ወይም አምስት ሆነው ቢካፈሉት ግን የምረቃ አዳራሽ ኪራይ ያህል እንኳ አይሆንም። በተራ እየቆሙ መሸጥ ይቻላል። ንግግር አያስፈልግም፣ የክብር እንግዳም አያስፈልግም። ዋጋው በትልቁ ተጽፎ፣ አንድ ኮፒ ሰው እንደፈለገ እንዲያገላብጠው ይቀመጥ፤ ሳይገዛ የሄደውም በፈገግታ ይሸኝ። ለሚቀጥለው ውድድር አብሮኝ ድንኳን የሚካፈል ደራሲ ካለ፣ በዚህ ዓምድ አድራሻ ይጻፍልኝ።