የሆድ ከረጢት ያለው ሰው ስለሚያደርገው የሩቅ አገር ጉዞ

የሰውነትን ምስጢር በአደባባይ መናገር በአገራችን ልማድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ነገር ግን ዝምታው አባትን ከልጁ ሠርግ የሚያስቀር ሲሆን፥ ነውሩ ከመናገሩ ይልቅ በዝምታው ላይ ነውና፥ ዛሬ በቤተ ሰብ ዓምዳችን ይህን ነገር በግልጥ ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንፋስ መውጫ በጽሕፈት ሥራችን ላይ ሳለን፥ አንድ የተከበሩ የጋይንት ሽማግሌ የውክልና ወረቀት ሊያጽፉ መጡ። ውክልናው የመሬት ወይም የገንዘብ መስሎን ብዕራችንን ብናነሣ፥ «በዋሽንግተን ያለችው ልጄ ልትዳር ነው፤ ታናሽ ወንድሜ በእኔ ፈንታ አባት ሆኖ ይቁምላት ብላችሁ ጻፉልኝ» አሉን። «አባታችን፥ ስለ ምን እርስዎ ራስዎ አይሄዱም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉና በግራ ጎናቸው የተለጠፈውን ከረጢት አሳዩን። «ይህን ታቅፌ ሰማይ ላይ ወጥቼ ቢፈነዳ በሰው ፊት ምን እሆናለሁ?» አሉ። እኛም፥ ሰው ሀብቱን ይወክላል እንጂ የአባትነት ደስታውን ሊወክል አይችልም ብለን፥ አስቀድመው ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ለመንናቸው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከባለሞያዎች የተረዳነውን ነው።

በጎንደር ደጋ አገር የአንጀት መጠምዘዝ ብዙ ጊዜ የሚታይ ደዌ ነው። አንጀት እንደ ገመድ ሲጠመዘዝ ደም ይቋረጥበታል፤ ሐኪሞችም የሞተውን ክፍል ቈርጠው ካወጡ በኋላ አንዳንድ ጊዜ የቀረውን ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይከፍቱታል። ይህን ቀዳዳ «ስቶማ» ይሉታል፤ ቃሉ በግሪክ ቋንቋ አፍ ማለት ነው። መልኩ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነኩትም አያምም። ለአንዳንዱ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ይዘጋለታል፤ ለሌላው ግን ዕድሜ ልኩን የሚኖር ነው።

ዛሬ ሰገራውን የሚቀበለው ተለጣፊ ከረጢት የታሰበው ሰውን ከቤት ለማውጣት ነበር። በ1954 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኤሊሴ ሶሬንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ፥ እኅቷ ቶራ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው መሀል መውጣት እንደ ፈራች አይታ አሰበችው። እንግዲህ ለመውጣት የተሠራውን ነገር ከቤት ለመቅረት ምክንያት ማድረግ አይገባም።

ሽማግሌው የፈሩት መፈንዳቱን ነበር። ለፍርሃታቸው መነሻ አለው፤ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሣሣል፥ በአንጀትና በከረጢት ውስጥ ያለውም ይነፋል። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገበት አይሮፕላን የውስጡን አየር አምቆ የሚይዝ አልነበረም። የዛሬዎቹ ግን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበሩ እንኳ፥ የውስጣቸው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ ይጠበቃል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፥ ንፋስ መውጫ ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ የጋይንት ሰው በአይሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው አየር ከደጃፉ አየር የወፈረ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ አድርጎ በጉና ግርጌ ወደ ቤቱ የገባ ሁሉ፥ ሳያውቀው ከአይሮፕላኑ የበለጠ ከፍታ ወጥቷል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በመመለሻው ነው። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለች ናትና፥ ከዚያ ሲነሡ በከረጢቱ ያለው አየር ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ይህም ከረጢቱን አያፈነዳውም፥ ነገር ግን ይነፋዋል። ስለዚህ ከመሳፈር አስቀድሞ ከረጢቱን ባዶ ማድረግ፥ በመንገድም ሲሶው በሞላ ጊዜ ማፍሰስ ያስፈልጋል። አየሩን አሳልፎ ሽታውን የሚያስቀር የከሰል ማጥሪያ ያለው ከረጢት ቢገኝ እጅግ መልካም ነው።

ስለ ዝግጅቱም እንዲህ እንላለን። ከረጢቱ በአገራችን እንደ ልብ ስለማይገኝ፥ ለጉዞው ከሚበቃው እጥፍ አድርጎ ቀደም ብሎ መሰብሰብ ይገባል። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላልና ሁሉም በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን። መቀስ በፍተሻ ላይ እንዳያስቸግር፥ የሚለጠፈውን ክፍል በልክ ቈርጦ ማዘጋጀት በቤት ያልቃል። ማጣበቂያው በሙቀት ይለቅቃልና ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተውት። በአይሮፕላኑ ውስጥ ከመጸዳጃው አጠገብ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይጠይቁ፤ የወንበሩም መታጠቂያ ከቀዳዳው በታች ይዋል። ቀዶ ሕክምናው ገና የቅርብ ጊዜ የሆነ ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይሳፈር።

ፍተሻን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። ከሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ፥ አስቀድሞ ለፈታሹ ዝቅ ባለ ድምፅ መንገር ይበቃል። በአሜሪካ ደንብ ከረጢቱን ግለጥ ወይም አፍስስ ተብሎ ማንም አይገደድም፤ ከልብስ ላይ በገዛ እጁ እንዲዳስሰው ይጠየቅና እጁ ይመረመር ይሆናል። ከሰው ተለይቶ ለመፈተሽ መጠየቅም መብቱ ነው።

ስለ ምግብ፥ ከበረራው በፊት ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ጎመን፥ ሽንኩርት፥ ጠላና ለስላሳ መጠጥ አየር ያበዛሉና ይቀነሱ፤ ድንችና ሩዝ ይሻላሉ። ውኃ ግን አይቀነስ። ይልቁንም ቀዳዳው ከትንሹ አንጀት የሆነ ሰው ብዙ ፈሳሽ ያጣልና፥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ስኳርና ጨው ያለበትን ዱቄት ይያዝ። መጸዳጃ እንዳያስቸግር ብሎ ጾሙን የሚውል ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ባዶ አንጀትም አየር ያበዛል።

ለተቀባይ ቤተ ሰቦችም አንድ ቃል አለን። ለእንግዳው ለመጸዳጃው ቅርብ የሆነ፥ የሚቈለፍ ክፍል ስጡት። «በሞቴ» እያላችሁ በምግብ አታስጨንቁት፤ ከገበታም ድንገት ቢነሣ ወዴት ነው አትበሉት።

ሽማግሌው ሄዱ፤ ልጃቸውንም በገዛ እጃቸው መርቀው ዳሩ። በተመለሱ ጊዜ ወደ እኛ መጥተው፥ «ሰማዩስ ምንም አላለኝ፤ ከረጢቴን የነፋው ከባሕር ዳር ወደ ቤቴ የወጣሁበት ዳገት ነው። ይህችን ከተማ ንፋስ መውጫ ያላት ሰው አውቆ ኖሯል» ብለው ሳቁ። ከዚያ በፊት ስለዚህ ነገር ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህን ከረጢት የያዘ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፥ ገና ሳይጠይቃችሁ፥ መንገዱ እንዳልተዘጋበት ንገሩት። ያ የውክልና ወረቀት ሳይፈረም ቀርቶ ዛሬም በመሳቢያችን ውስጥ አለ።