ከሞተሩ የወረደው ሃይላንድ

ወደ ጉናጋዶ በሞተር የሚሄድ ሰው ትርፍ ቤንዚን ይይዛል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ማደያም እንደ ልብ አይገኝም። ቤንዚኑ በሃይላንድ ተገዝቶ ከሞተሩ ኋላ ይታሰራል። በዚህ አልፈርድም።

እኔን የሚያስፈራኝ ማታው ነው። ሞተሩ ሲገባ ሃይላንዱም አብሮ ገብቶ ከውሃው ጎን ይቀመጣል። በሥራ ዘመኔ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ተጠምቶ ከዚያው ጠጥቶ መጣብን። አያቱ ደንግጠው ወተት አጠጥተው፣ ጣት ከተው አስመልሰውት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮታል። ቤንዚን ከሆድ ይልቅ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ልጁ ከቀናት በኋላ ተረፈ። አያቱ ግን ባዩኝ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ልንገራችሁ። ልጅ ቤንዚን ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወተትም ዘይትም አትስጡት። ቤንዚን የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ባያስልም እንኳ ወዲያው ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ቤንዚኑን ክዳኑ በሚጠብቅ የነዳጅ ጀሪካን ያዙ። በሙቀት ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙሉት። ማታ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ፣ ተቆልፎበት ይደር። በውሃ ጠርሙስ ግን ከቶ አይቀመጥ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም።